ጄኔቲክስ የሚጠናው በእርሳስ ነው፦ ለሰሜን ሸዋ ተማሪዎች የአጠናን መመሪያ

የመጀመሪያው የጄኔቲክስ ኩዊዝ ውጤቴ ከ10 ሁለት ተኩል ነበር። ሳላነብ ቀርቼ አይደለም። ሀንድአውቱን ከዳር እስከ ዳር ሸምድጄዋለሁ። ሜንዴል የተባለው ሳይንቲስት ስለ ዘር ውርስ ያወጣቸውን ሕጎች ቃል በቃል መናገር እችል ነበር። ኩዊዙ ግን ሕጉን አልጠየቀም። ሁለት ተክሎች ሰጠና «ሲዳቀሉ ምን ይወለዳል? በምን ያህል ዕድል?» አለ።

ማታ ዶርም ውስጥ ከላይኛው አልጋ የሚተኛ ሲኒየር ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሜቶቹን የት ጻፍካቸው?»

ጋሜቶቹን፣ ማለትም ወላጆቹ ለልጅ የሚሰጧቸውን የመራቢያ ሴሎች፣ አልጻፍኳቸውም ነበር። ሁሉንም በጭንቅላቴ ልጨርሰው ሞክሬ ነው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ጄኔቲክስን እንደ ታሪክ ማንበብ ትቼ እንደ ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ። ፋይናሉን በደህና ተወጣሁት፤ ትምህርቱንም ወደድኩት። አሁን ኮርሱን ገና የሚጀምሩ ልጆችን ሳስጠና መጀመሪያ የምጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ደብረ ብርሃን ለምትማሩ፤ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከምንጃር፣ ከይፋት ለመጣችሁ። መጽሐፉ ስለ አውሮፓ አተርና ስለ አሜሪካ ዝንብ ያወራል። ያ ጥሩ ነው፤ ሳይንሱ የተጀመረው እዚያ ነውና። ግን ያደጋችሁበት ግቢ ውስጥ ያለው ገብስ፣ ዶሮና በቅሎም ያንኑ ሕግ ነው የሚከተለው። ከምታውቁት ነገር ስትነሱ ትምህርቱ ቶሎ ይገባል።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

እርሳስና ላጲስ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ብዙ ጊዜ ትሳሳታላችሁ። ባለ ካሬ ደብተር። ቀይና ቢጫ የጥልፍ ክር። ሁለት ሲኒ፣ አንድ አንድ እፍኝ ቀይና ነጭ ቦሎቄ። ከዚህ ሌላ ለስህተት ብቻ የሚሆን ትንሽ ደብተር ያዙ። ስለሱ በኋላ እመለሳለሁ።

1. ቃላቱን በአማርኛ አፍታቱ

ኮርሱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ብዙዎቻችን የምንወድቀው ሐሳቡ ከብዶን ሳይሆን ቃሉን ከሐሳቡ ጋር ሳናገናኝ ስለምናልፍ ነው። አንድ አዲስ ቃል ስታገኙ ትርጉሙን ከመሸምደድ በፊት ለታናሽ ወንድማችሁ እንደምታስረዱ ሆናችሁ በአማርኛ ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩት። መናገር ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው።

ለምሳሌ ጂንና አሊል። ጂን አንድን ባሕርይ የሚመለከት የዲኤንኤ ክፍል ነው፤ የገብስን የረድፍ ቁጥር የሚወስነው ጂን እንበል። አሊል ደግሞ የዚያ ጂን አንዱ ዓይነት ነው። አንዱ አሊል ባለ ሁለት ረድፍ ያደርጋል፣ ሌላው ባለ ስድስት ረድፍ። ጂኖታይፕ ተክሉ የያዛቸው አሊሎች ናቸው፤ ፊኖታይፕ በዓይን የምናየው ነው። ሁለቱ አሊሎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ሆሞዛይገስ፣ ከተለያዩ ሄትሮዛይገስ። በሄትሮዛይገሱ ላይ የሚታየው አሊል ዶሚናንት፣ የሚደበቀው ሪሴሲቭ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዶሚናንት ማለት የተሻለ ማለት አይደለም። በብዛት የሚገኝ ማለትም አይደለም። በሄትሮዛይገሱ ላይ ማን እንደሚታይ ብቻ ነው የሚናገረው። ይህን ስህተት ሰቃይ የሚባሉ ልጆች ሳይቀር ሲሠሩት አይቻለሁ።

2. ሚዮሲስን በክር ሥሩት

ሁሉም ሰው ሚዮሲስን፣ ማለትም ጋሜት የሚሠራበትን የሴል ክፍፍል፣ ዘሎ ወደ ሜንዴል ይሮጣል። አትዝለሉ። የሜንዴል ሕጎች ሚዮሲስ ውስጥ ክሮሞሶሞች (ጂኖችን የተሸከሙት የዲኤንኤ ገመዶች) የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ሌላ ምንም አይደሉም። ሜንዴል ራሱ ይህን ሳያውቅ ነው ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው። ሰው ሥራውን ልብ ያለው ደግሞ በ1900 ነው። እናንተ ምክንያቱን ስለምታውቁ ከሱ ቀለል ይላችኋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ረጅም ቀይና ረጅም ቢጫ ክር ቁረጡ፤ ይህ አንድ ጥንድ ክሮሞሶም ነው። አጭር ቀይና አጭር ቢጫ ጨምሩ፤ ሁለተኛው ጥንድ። ቀዩ ከእናት፣ ቢጫው ከአባት የመጣ ይሁን። ሴሉ ከመከፈሉ በፊት እያንዳንዱ ክሮሞሶም ራሱን ይቀዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክር በቀለሙና በርዝመቱ አንድ ዓይነት የሆነ ክር ደርቡና ሁለቱን መሃላቸው ላይ ቋጥሩ።

አሁን ቁጠሩ። ክሮቹ 8 ናቸው። ቋጠሮዎቹ ግን 4። ክሮሞሶም የሚቆጠረው በቋጠሮው ነው። ስለዚህ ከተቀዳ በኋላም ክሮሞሶሞቹ 4 ናቸው፤ ክሮማቲዶቹ፣ ማለትም የተቋጠሩት ክሮች እያንዳንዳቸው፣ ግን 8 ሆነዋል። ፈተና ላይ «ስንት ክሮሞሶም፣ ስንት ክሮማቲድ?» ሲባል ቋጠሮውን አስቡ።

በመጀመሪያው ክፍፍል ረጅም ከረጅም፣ አጭር ከአጭር ጎን ለጎን ተሰልፈው ይለያያሉ። ቋጠሮ አይፈታም። በሁለተኛው ክፍፍል ቋጠሮው ይፈታል፤ እያንዳንዱ ክር ራሱን የቻለ ክሮሞሶም ይሆናል። መጨረሻ ላይ አራት ክምር ታገኛላችሁ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ረጅምና አንድ አጭር። ጋሜት ማለት ይህ ነው።

ሥራውን ድገሙት፤ አሁን ግን አጭሩን ጥንድ አገላብጣችሁ አሰልፉ። ቀዩ በፊት በነበረበት በኩል ቢጫው ይቁም። የምታገኙት ጋሜት የተለየ ይሆናል። በሁለት ጥንድ 4 ዓይነት አሰባሰብ አለ። ገብስ 7 ጥንድ አለው፤ ስለዚህ 128። ሰው 23 ጥንድ ስላለው 8,388,608። ይህ ገና ክሮሞሶሞች ጫፋቸውን ሳይለዋወጡ ነው። መለዋወጡን ለማየት የአንዱን ቀይና የአንዱን ቢጫ ጫፍ ቆርጣችሁ አቀያይራችሁ ቋጥሩት።

ክሩን ከማስቀመጣችሁ በፊት በቅሎን አስቡ። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። እናቷ ባዝራ ናት፣ አባቷ አህያ። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፤ አህያ 62። ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31 ወስዳ በቅሎዋ 63 ይኖራታል። 63 ጎዶሎ ነው። የፈረሱና የአህያው ክሮሞሶሞች በቁጥርም በአሠራርም ስለሚለያዩ በሚዮሲስ ጊዜ በደንብ አይጣመሩም። ለዚህ ነው በቅሎ የማትወልደው፤ ወለደች ከተባለ እጅግ ብርቅ ነው። ሰውነቷ ግን ጠንካራና ጤነኛ ነው፤ ማይቶሲስ፣ ማለትም ተራው የሰውነት ሴል ክፍፍል፣ መጣመር አያስፈልገውማ። በማይቶሲስና በሚዮሲስ መካከል ያለውን ልዩነት ለኔ በትክክል ያስረዳችኝ በቅሎ ናት።

3. ገብስ አዳቅሉ፦ ጋሜት የመጻፍ ልምምድ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ሌላውን ብታልፉት እንኳ ይህን አትለፉት።

የአገራችን ገብስ በዓይነቱ ብዛት በዓለም የታወቀ ነው። የዕፅዋት ሳይንቲስቱ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ ድረስ የመጣው ይህን የመሰለ ሀብት ፍለጋ ነው። ከገብሶቻችን አንዳንዱ ባለ ሁለት ረድፍ ነው። አንዳንዱ ባለ ስድስት ረድፍ ነው። መካከለኛ የሆኑም አሉ፤ ለልምምዳችን ግን ሁለቱ ይበቁናል። ብዙው ገብስ ገለፈቱ ፍሬው ላይ ስለሚጣበቅ መፈተግ አለበት። ሰነፍ ቆሎ እንደሚባለው ያለው ግን ገለፈቱን በቀላሉ ይለቃል።

ባለ ሁለት ረድፍነት ዶሚናንት ነው፤ ስድስት ረድፍ ሪሴሲቭ። ገለፈት ማጣበቅ ዶሚናንት ነው፤ መልቀቅ ሪሴሲቭ። የረድፉ ዋና ጂን በ2ኛው ክሮሞሶም ላይ፣ የገለፈቱ ጂን በ7ኛው ላይ ይገኛል። በተለያየ ክሮሞሶም ላይ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ይከፋፈላል።

ፈተና ላይ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል ትጠቀማላችሁ። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እዚህ ግዕዝና ሳድስ ልጠቀም። ለረድፍ ዶሚናንቱ ረ፣ ሪሴሲቩ ር። ለገለፈት ዶሚናንቱ ገ፣ ሪሴሲቩ ግ።

መጀመሪያ ወላጆቹን ጻፉ። ባለ ሁለት ረድፍና ገለፈት አጣባቂ፦ ረረገገ። ባለ ስድስት ረድፍና ገለፈት ለቃቂ፦ ርርግግ። ገብስ እንደ አተር ራሱን በራሱ የሚያራባ ስለሆነ ለብዙ ትውልድ የቆየ ዘር ሆሞዛይገስ ነው ብለን መነሳት እንችላለን።

ቀጥላችሁ የእያንዳንዱን ጋሜት ጻፉ። የመጀመሪያው የሚሰጠው ረገ ብቻ ነው። ሁለተኛው ርግ ብቻ።

ከዚያ አገናኟቸው። ልጆቹ ሁሉ ረርገግ ናቸው፤ ሁሉም ባለ ሁለት ረድፍና አጣባቂ። ይህ ኤፍ 1 (የመጀመሪያው የልጆች ትውልድ) ነው።

አሁን ኤፍ 1 ራሱን በራሱ ይራባ። ረርገግ የሚሰጣቸው ጋሜቶች የትኞቹ ናቸው? እዚህ ላይ ቁሙ። አስር ተማሪ ብጠይቅ ጥቂት የማይባሉት «ረር እና ገግ» ብለው ይጽፋሉ። ስህተት ነው። ጋሜት ከእያንዳንዱ ጂን አንድ አሊል ብቻ ነው የሚይዘው። ክሩን አስታውሱ፤ እያንዳንዱ ክምር ውስጥ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ነበር። ረር የሚል ጋሜት ሁለት ረጅም ይዞ አጭሩን ጥሎ የሄደ ክምር ነው። ትክክለኞቹ አራት ናቸው፦ ረገ፣ ረግ፣ ርገ፣ ርግ።

አራቱን በአግድም፣ አራቱን በቁልቁል ጻፉና 16 ሣጥን ሙሉ። የምታገኙት 9 ባለ ሁለት ረድፍ አጣባቂ፣ 3 ባለ ሁለት ረድፍ ለቃቂ፣ 3 ባለ ስድስት ረድፍ አጣባቂ፣ 1 ባለ ስድስት ረድፍ ለቃቂ ነው። ይህን 16 ሣጥን በሕይወታችሁ ሦስት ጊዜ በእጃችሁ ሙሉት። ከዚያ በኋላ አትሙሉት። አጭሩ መንገድ ማባዛት ነው።

ማባዛቱ እንዲህ ይሄዳል። ረር ከረር ሲዳቀል ባለ ሁለት ረድፍ የመሆን ዕድል 3/4 ነው። ገግ ከገግ አጣባቂ የመሆን ዕድሉ 3/4። ሁለቱም እንዲሆኑ 3/4 × 3/4 = 9/16። ሦስት ጂን ሲመጣ ሣጥኑ 64 ይሆናል። ያንን ሣጥን ሲስል ሰዓቱ ያለቀበት ልጅ አውቃለሁ። ማባዛት ግን አንድ መስመር ነው።

አሁን እናንተ ሞክሩ። ረርገግ ከርርገግ ጋር ሲዳቀል ባለ ስድስት ረድፍና አጣባቂ የሚሆነው ስንት ነው? ረር ከርር፣ ስድስት ረድፍ 1/2። ገግ ከገግ፣ አጣባቂ 3/4። መልሱ 3/8።

ስንት ዓይነት ጋሜት እንደሚወጣ ለማወቅ ሄትሮዛይገስ የሆኑትን ጂኖች ቁጠሩና 2ን በራሱ ያን ያህል ጊዜ አባዙ፤ ለሦስት ጂን 2 × 2 × 2። ረርገገ አንድ ሄትሮዛይገስ ጂን ብቻ ስላለው ሁለት ጋሜት ይሰጣል፦ ረገ እና ርገ። ይህን ሳትቆጥሩ ሣጥን አትሳሉ።

የሙከራ ድቀላም አትርሱ። አንድ ባለ ሁለት ረድፍ ገብስ ረረ ይሁን ረር በዓይን አይለይም። ባለ ስድስት ረድፍ ከሆነው ጋር አዳቅሉት። ስድስት ረድፍ ያለው አንድ ልጅ ከወጣ ረር ነው፤ አለቀ። 10 ልጆች ሁሉም ባለ ሁለት ረድፍ ከሆኑ ደግሞ ረረ ሳይሆን አይቀርም፤ ረር ቢሆን ኖሮ እንዲህ የመሆን ዕድሉ 1/1024 ብቻ ነበር።

በነገራችን ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ በበግና በደጋ ሰብል ላይ የሚሠራ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በመምህራችሁ በኩል ክፍሉ እንዲጎበኝ ጠይቁ። ወረቀት ላይ የሞላችሁትን ሣጥን ማሳ ላይ በቆመ ሰብል ማየት ሌላ ነገር ነው።

4. ቦሎቄ እየዘገናችሁ ዕድልን ቁጠሩ

3 ለ 1 ሲባል ከአራት ልጅ ሦስቱ የግድ እንዲህ ይሆናሉ ማለት አይደለም። ይህን በቃል ብነግራችሁ አይበቃም፤ እጃችሁ ይቁጠረው።

በእያንዳንዱ ሲኒ ውስጥ 20 ቀይና 20 ነጭ ቦሎቄ አድርጉ። አንዱ ሲኒ አባት፣ ሌላው እናት ነው፤ ሁለቱም ሄትሮዛይገስ ናቸው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ አውጡ። ቀይ ካለበት ዶሚናንት ብላችሁ መዝግቡ፤ ሁለቱም ነጭ ከሆኑ ሪሴሲቭ። ቦሎቄውን ወደየሲኒው መልሱና አማሱ። 80 ጊዜ ድገሙት። ከጓደኛ ጋር ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

የሚጠበቀው 60 ለ 20 ነው። እናንተ 54 ለ 26 አገኛችሁ እንበል። ሜንዴል ተሳስቷል? ካይ-ስኩዌር የሚባለው የስታቲስቲክስ ስሌት የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው። ያገኛችሁትን ከሚጠበቀው ቀንሱ፣ በራሱ አባዙት፣ ለሚጠበቀው አካፍሉ፣ ከዚያ ደምሩ። ልዩነቱ 6 ነው፤ 6 × 6 = 36። 36 ለ60 ሲካፈል 0.6። 36 ለ20 ሲካፈል 1.8። ድምሩ 2.4። ሁለት መደብ ስላለን ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (የመደቦቹ ቁጥር አንድ ሲቀነስለት) 1 ነው፤ በ5 ከመቶ ደረጃ ወሰኑ 3.84። 2.4 ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

አጻጻፉ ላይ ተጠንቀቁ። «3 ለ 1 መሆኑ ተረጋገጠ» አይባልም። «ሐሳቡን ውድቅ ለማድረግ የሚያበቃ ልዩነት አልተገኘም» ነው የሚባለው። ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ነጥብ ይቀንሳሉ፤ ልክም ናቸው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ፦ መቶኛ አታስገቡ፣ ቁጥሩን ራሱን አስገቡ። ያንኑ ድርሻ በ800 ብታገኙት፣ ማለትም 540 ለ 260፣ ካይ-ስኩዌሩ 24 ይሆናል። ያኔ ሐሳቡ ይወድቃል። መቶኛው አንድ ዓይነት ነው፤ መልሱ ግን ተገለበጠ።

ለመለማመጃ የሜንዴልን የራሱን ቁጥር ውሰዱ። 5,474 ክብ ፍሬ፣ 1,850 የተጨማደደ። ድምሩ 7,324፣ የሚጠበቀው 5,493 ለ 1,831። መልሱ 0.26 ገደማ ይመጣል። ሁለት ባሕርይ ያለውንም ሞክሩ፦ 315፣ 108፣ 101፣ 32። የሚጠበቀው 9 ለ 3 ለ 3 ለ 1፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ 3፣ ወሰኑ 7.82። 0.47 ካላመጣችሁ እንደገና ሥሩት።

5. ከመስመር የሚወጡትን ከግቢያችሁ አምጡ

ዶሚናንትና ሪሴሲቭ ብቻ አይደለም። አንገተ መላጣ ዶሮ ታውቃላችሁ። የዚህ ባሕርይ አሊል ያልተሟላ ዶሚናንት ነው። ሁለት አሊል ያላት ዶሮ አንገቷ ከሞላ ጎደል ራቁቱን ነው። አንድ ብቻ ያላት ደግሞ አንገቷ ፊት ለፊት ላይ እንደ ከረባት ያለ የላባ ቁንጮ ይተርፋታል። ሁለት ባለ ቁንጮ ሲዳቀሉ 1 መላጣ፣ 2 ባለ ቁንጮ፣ 1 ሙሉ ላባ ይጠበቃል። ፊኖታይፑና ጂኖታይፑ አንድ ዓይነት ድርሻ አላቸው። ቤት ስትገቡ የእናታችሁን ዶሮዎች አንገት እዩ።

የደም ዓይነት ለኮዶሚናንስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤ እና ቢ አሊሎች አብረው ሲገኙ ሁለቱም ይታያሉ፤ ሰውየው ኤቢ ይሆናል። ኦ ሪሴሲቭ ነው። አንድ አደራ አለኝ፦ የላብ ሥራ ላይ የራሳችሁን የደም ዓይነት ስታውቁ የቤተሰባችሁን ሰብስባችሁ «ልክ አይመጣም» እያላችሁ ቤት ውስጥ ወሬ አትጀምሩ። ቀላሉ ሕግ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ የምርመራ ስህተትም ይኖራል። የሰው ትዳርና ስም የክፍል መለማመጃ አይደለም።

ከፆታ ጋር የተያያዙ ባሕርያት ላይ የፆታ ክሮሞሶሞቹን፣ ኤክስና ዋይን፣ ጋሜቱ ውስጥ አብራችሁ ጻፉ። ቀይና አረንጓዴ መለየት ያቃተው ወንድ ሪሴሲቩን አሊል ያገኘው ከእናቱ ነው፤ አባቱ የሰጠው ዋይን ነውና። «አባቱም እንዲሁ ስለሆነ ወረሰው» የሚል መልስ ስንቱን ነጥብ እንዳስጣለ። በዶሮ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፦ ሁለት የተለያየ የፆታ ክሮሞሶም ያላት ሴቷ ናት።

የመንዝ በግ ክብደትስ? ያ የብዙ ጂኖችና የግጦሹ ድምር ነው። ሣጥን አይሳልለትም። ይህን ክፍል በግራፍ አስቡት።

6. የዘር ሐረግና ሰባት ቤት

እኛ አገር ሁለት ሰው ሊጋባ ሲል ሽማግሌ ዘር ይቆጥራል። እስከ ሰባት ቤት። ፔዲግሪ (የዘር ሐረግ ሥዕል) መሳል ለኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም፤ ወንዱን በካሬ፣ ሴቷን በክብ፣ ሕመም ያለበትን በጥቁር ቀለም መሙላት ብቻ ነው የተጨመረው።

ስታነቡት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ጤነኛ ወላጆች የታመመ ልጅ ወልደዋል? ከሆነ ሪሴሲቭ ነው ብላችሁ ጀምሩ። የታመመች ሴት ልጅ አባቷ ጤነኛ ነው? ከሆነ በኤክስ ላይ ያለ ሪሴሲቭ አይደለም። እያንዳንዱ ታማሚ የታመመ ወላጅ አለው? ዶሚናንት ሊሆን ይችላል። ግምታችሁን ከያዛችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ጂኖታይፕ ጻፉ። አንድ ሰው ላይ እንኳ ካልሠራ ግምቱ ይጣል።

ታዋቂው ወጥመድ እነሆ። ወላጆቹ ጤነኞች፣ እህቱ ሪሴሲቭ በሽታ ያለባት፣ እሱ ጤነኛ የሆነ ወንድ አለ። አሊሉን ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ብዙዎች 1/2 ይላሉ። ከአራቱ ሣጥን አንዱ የታመመ ነው፤ እሱ ግን ጤነኛ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ያ ሣጥን ወጥቷል። ከቀሩት ሦስት ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው። መልሱ 2/3።

የዘመድ ጋብቻ ስሌትም ደስ ይላል። የአጎትና የአክስት ልጆች በአማካይ 1/8 ጂናቸውን ከአንድ ምንጭ ይጋራሉ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ በአንዱ በኩል ወደ ጋራ አያቶቹ ወጥታችሁ በሌላው በኩል ስትወርዱ በእያንዳንዱ ደረጃ 1/2 አባዙ። አያትና ሴት አያት ሁለት ስለሆኑ ውጤቱን በ2 አባዙ። 4 ደረጃ፣ 1/16 × 2 = 1/8። በሁለቱም በኩል ሰባት ትውልድ ብትወጡ 14 ደረጃ ነው፦ 1/8192። አባቶቻችን ይህን ቀመር አልጻፉትም። ግን ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ዝምድናው ምን ያህል እንደሚሳሳ እርሳስ ይዤ ሳሰላ ገረመኝ።

7. ሊንኬጅ

ሁለት ጂን አንድ ክሮሞሶም ላይ ተቀራርበው ካሉ አብረው ይሄዳሉ። የሙከራ ድቀላ ውጤት ሲሰጣችሁ አራቱን ቁጥር እዩ። 420፣ 430፣ 72፣ 78 ከሆነ ሁለቱ ትልልቆች የወላጅ ዓይነት፣ ሁለቱ ትንንሾች አዲስ ቅልቅል ናቸው። 72 + 78 = 150፤ ከ1,000 ውስጥ 15 ከመቶ። በጂኖቹ መካከል 15 የካርታ ዩኒት (የጂኖች ርቀት መለኪያ) አለ። ከ50 ከመቶ በላይ ካመጣችሁ የወላጅና የቅልቅሉን መደብ አቀያይራችኋል። ሦስት ጂን ሲሆን ከስምንቱ መደብ በጣም ትንሾቹ ሁለቱ ድርብ ልውውጥ ናቸው፤ መሃል ያለውን ጂን የሚነግሯችሁም እነሱ ናቸው። የመጀመሪያውን የጂን ካርታ የሠራው አልፍሬድ ስተርቴቫንት ሥራውን ሲጀምር ገና እንደናንተ የዲግሪ ተማሪ ነበር። ካርታው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው።

8. ዲኤንኤና ፕሮቲን

ይህ ክፍል ከላይኛው ይልቅ ንባብ ይፈልጋል። ግን እዚህም እርሳስ አይቀርም። በየቀኑ 12 ፊደል ያለው የዲኤንኤ ገመድ ራሳችሁ ፍጠሩ። ተቃራኒውን ገመድ ጻፉ፣ ከዚያ ኤምአርኤንኤውን (ከዲኤንኤው የሚቀዳውን መልእክት)፣ ከዚያ ከሰንጠረዡ አሚኖ አሲዶቹን (የፕሮቲን መገንቢያዎቹን)። የገመዱን የአምስትና የሦስት ጫፍ ሁልጊዜ ምልክት አድርጉ። ኮዶኖች (ባለ ሦስት ፊደል ቃሎቹ) 64 ናቸው፤ 61ዱ ለ20 አሚኖ አሲዶች፣ 3ቱ ለማቆሚያ። ሰንጠረዡን አትሸምድዱት፤ አጠቃቀሙን ልመዱ።

ከዚያ አንድ ፊደል ለውጡና ምን እንደሚሆን እዩ። ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም የሚመጣው ጂ-ኤ-ጂ የነበረው ኮዶን ጂ-ቲ-ጂ በመሆኑ ነው። ግሉታሚክ አሲድ ቀርቶ ቫሊን ይገባል። አንድ ፊደል ጨምራችሁ ወይም አጥፍታችሁም ሞክሩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ሲዛባ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ሳምንቱን እንዴት ታካፍሉታላችሁ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። የሌሊቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። እስከ ሌሊት 9 ሰዓት ባና ተከናንቦ ማፍጠጥ ጀግንነት ይመስላል፤ ለጄኔቲክስ ግን አይረዳም። ደንዝዞ የሚሠራ አእምሮ ጋሜት ይዘላል። ከክላስ በወጣችሁበት ቀን፣ ፀሐይ ሳለች፣ አንድ ሰዓት ሥሩ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከሁለት ጓደኞች ጋር፦ አንዱ ሰሌዳ ላይ ይሥራ፣ አንዱ ያስረዳ፣ አንዱ በየመስመሩ «ለምን?» ይበል። ተራ ተቀያየሩ።

መልስ አይታችሁ «አዎ ገብቶኛል» ማለት ራስን ማታለል ነው። መልሱን ሸፍናችሁ ከነጭ ወረቀት ካልሠራችሁት አልሠራችሁትም።

የስህተት ደብተሩ ሥራ ይህ ነው። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ፣ የሳታችሁበትን መስመርና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ጋሜት ውስጥ ሁለት አሊል አስገባሁ።» «2/3 መሆን ሲገባው 1/2 አልኩ።» የፋይናል ሰሞን ሀንድአውቱን ሁሉ እንደ አዲስ አታንብቡ። ይህን ደብተር ከፍታችሁ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደገና ሥሩ። እኔ ሴሚስተሩን ስጨርስ 31 ስህተት ነበረኝ፤ 19ኙ ጋሜት ላይ ነበሩ።

ፈተናው ላይ

ጥያቄውን አንብባችሁ ወዲያው መልስ አትፈልጉ። የትኛው ዶሚናንት እንደሆነ ጻፉ። ፊደል ምረጡ፤ ትልቁና ትንሹ በእጅ ጽሑፍ የማይመሳሰል ይሁን። የወላጆቹን ጂኖታይፕ ጻፉ። ጋሜቶቹን ጻፉና ክበቡባቸው። ከዚያ በኋላ ነው ድቀላው። መልሱ ቢሳሳት እንኳ መንገዱ ከታየ ብዙ መምህራን ከፊል ነጥብ ይሰጣሉ።

ስትጨርሱ ዕድሎቹን ሁሉ ደምሩ። 1 መምጣት አለበት። ካልመጣ ከታች ወደ ላይ አታጣሩ፤ በቀጥታ ወደ ከበባችሁት መስመር ተመለሱና ጋሜቶቹን እንደገና ቁጠሩ።